የእናቴ ስንጣሪዎችና የእኔ ማስመሪያ

እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። ይህን በተናገርኩ ቁጥር ሰው ፊት ላይ ብቅ የምትል አንዲት የማዘን ፈገግታ አለች፤ እሷን ሳይ ደሜ ይፈላል። እናቴ በስድስት ቤት መካከል የሚዘዋወረውን ወተት፣ ማን ለማን ምን ያህል እንደሰጠች፣ በቀርከሃ ስንጣሪ ላይ ጽፋ ታስቀምጥ ነበር። «ጽፋ» ያልኩት አፌን አዳልጦኝ አይደለም። ያ ጽሕፈት መሆኑን ለመቀበል ግን እኔ ራሴ ሃያ ዓመት ሞልቶኝ፣ አስተማሪ ሆኜ፣ አንድ ትልቅ ጥፋት ማጥፋት ነበረብኝ።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው። ቤታችን ከሆሳዕና ወደ ሆመቾ በሚወስደው መንገድ፣ ከከተማው የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ወጣ ብሎ ነበር። ከመምህራን ማሠልጠኛ ተመርቄ ሆሳዕና አምስተኛ ክፍል ሒሳብ እንዳስተምር ስመደብ፣ እናቴ ዘንድ እያደርኩ ጠዋት ሄጄ ከሰዓት በኋላ እመለሳለሁ። በብብቴ ሥር ሁልጊዜ የእንጨት ማስመሪያዬ አለች። እውነቱን ለመናገር ለጥቁር ሰሌዳው ብቻ አልነበረም የያዝኳት፤ መንገድ ላይ የሚያገኘኝ ሁሉ አስተማሪ መሆኔን እንዲያይልኝም ነው። የቤታችንን በር ለክቻለሁ፣ የእንሰት ቅጠል ለክቻለሁ፣ አንድ ቀን የጥጃችንን ጆሮ ስለካ እናቴ አይታኝ ራሷን ነቅንቃ ገባች።

እናቴና አምስት ጎረቤቶቿ ዊጆ ነበራቸው። ዊጆ ማለት የሴቶች የወተት ማኅበር ነው። አንድ ላም ወይም ሁለት ላም ብቻ ያላት ሴት፣ የየቀኑ ወተቷ ተንጦ ለገበያ የሚበቃ ቅቤ አይወጣውም። ስለዚህ አንድ ሳምንት ሁሉም ወተታቸውን ለአንዷ ያመጣሉ፤ እሷ ንጣ ደህና ቅቤ ታወጣለች። በሚቀጥለው ሳምንት ለሌላዋ። እንዲህ እያለ ይዞራል። ታዲያ ወተት ከላም ላም፣ ከቤት ቤት ይለያያልና፣ የተቀበለች ሴት ተራዋ ሲደርስ ለሰጠቻት ሁሉ የተቀበለችውን ያህል መመለስ አለባት። ለዚህ አንድ የጋራ ማሰሮ አላቸው፤ ተራው ወደሚደርሳት ሴት ቤት ማሰሮውም ይሄዳል። ሰጪዋ በሳምንቱ መጀመሪያ ቀን ወተቷን ማሰሮው ውስጥ ትገለብጣለች፣ የቀርከሃ ስንጣሪ እስከ ታች ድረስ ይነከራል፣ ወተቱ የነካበት ቦታ ላይ በቢላ ጭረት ይደረጋል። ያ የሳምንቱ ልክ ነው። የመመለሻው ተራ ሲመጣ ያው ስንጣሪ ያው ማሰሮ ውስጥ ይቆማል፣ ወተቱም ጭረቱ ድረስ ይሞላል። ስንጣሪዎቹ በሙሉ በቃጫ ታስረው የሚቀመጡት የሁሉም ታላቅ የሆነችው እናቴ ዘንድ ነው።

እነዚያ ስንጣሪዎች እንቅልፍ ይነሱኝ ጀመር። ሲያዩዋቸው አንድ ናቸው፤ ቀለም የላቸውም፣ ስም የለባቸውም። እናቴ ግን ዓይኗን ሳትጥልባቸው፣ ከሰው ጋር ወሬ እያወራች፣ እጇን ሰድዳ የምትፈልገውን ትመዛለች። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከሥራ ስገባ እሥሩን ፈትቼ ጭኔ ላይ ዘረገፍኩትና መጠየቅ ጀመርኩ።

«ይቺ ምን ያህል ናት?» አልኳት አንዷን አንስቼ።

በጣቷ ዳሰሰቻት። «የታችኛዋ ጎረቤታችን ናት» አለችኝ።

«የማን እንደሆነች አይደለም የጠየቅሁሽ። ምን ያህል ናት?»

«የእሷን ያህል።»

«በሊትር ብትለኩት እኮ ለሁሉም አንድ ይሆናል። ስንጣሪም አያስፈልግም።»

«ሊትር የማን ነው?»

«የማንም አይደለም። ጥሩነቱም እዚያ ላይ ነው።»

«የማንም ካልሆነ ማን ይመልሰዋል?» አለችና እሥሩን ከጭኔ ላይ ሰብስባ አሰረችው።

ያን ጊዜ አላዋቂ መልስ መስሎኝ ነበር። ግን ከራሴ አልወጣ አለ። ሌሊቱን ሳይሆን፣ በማግስቱ መንገዱን ሙሉ ሳስበው ሄድኩ፤ አንድ ቁጥር የማንም ሳይሆን ብቻውን መቆሙ ምን ይጠቅማል? ለተማሪዎቼ ሰባት ሲደመር አምስት ስል፣ ሰባት ምን? ለማን? ማንም ጠይቆኝ አያውቅም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

በዚያ ዓመት ትምህርት ቤታችን ለአንድ ዓመት አገልግሎት የተላከ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር። ከሰሜን የመጣ፣ ረጅም፣ ሁልጊዜ ኪሱ በወረቀት ያበጠ ሰው ነው። ቆጮ ሲበላ ዓይኑን ጨፍኖ እንደ ወባ መድኃኒት ስለሚውጠው እንስቅበታለን። ስለ ስንጣሪዎቹ ስነግረው ግን አልሳቀም። ከኪሱ በስቴንስል የተባዛ፣ ቀለሙ የፈሰሰ አራት ገጽ እንግሊዝኛ አወጣና «ይህን አንብቢ» አለኝ። ስለ አንድ አሜሪካዊ ፈላስፋ ሐሳብ አንዱ መምህራቸው ያዘጋጀው ነው። በመዝገበ ቃላት እየታገልኩ፣ ግማሹን እየገመትኩ ሳምንት ሙሉ አነበብኩት።

የገባኝን በራሴ ቋንቋ ልንገር። ሰውየው ምልክት ብቻውን ምልክት አይደለም ይላል። ምልክቱ አለ፣ የሚያመለክተው ነገር አለ፣ ሦስተኛ ደግሞ ምልክቱን አይቶ አንድ ነገር የሚያስብ ወይም የሚያደርግ ሰው አለ። ሦስቱ ካልተሟሉ ቀርከሃው ቀርከሃ ነው። ይህን ሳነብ ብድግ አልኩ፤ እናቴ የነገረችኝ ነገር ነው። ጭረቱ አለ፣ ወተቱ አለ፣ በሚቀጥለው ሳምንት በጠዋት ተነስታ የምትመልስ ሴት አለች። የጭረቱ ትርጉም ያቺ ሴት ተነስታ መምጣቷ ነው። ስለ ሒሳብም ይናገራል፦ የሒሳብ ሰው በሐሳቡ ሥዕል ይሥላል፣ ከዚያ የሣለውን ራሱ እንደ እንግዳ ያየዋል፣ ሲያየውም ሲሥለው ያላሰበውን ነገር ያገኝበታል። ሦስተኛው ደግሞ ስለ ቁጠባ ነው። ያልገባን ነገር ሲያጋጥመን ግምት አናጣም፣ የሚያጥረን ጊዜና ጉልበት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ መፈተን ያለበት እውነት የሚመስለን ግምት ሳይሆን ለመፈተን ወጪው ትንሽ የሆነው ነው። ቀላሉን በጠዋት ጥለን ወይም አረጋግጠን፣ ከባዱን ግድ ሲሆን እንሞክራለን። ምልክትና ሒሳብ አንድ ወረቀት ላይ መገናኘታቸው ብዙም አልገረመኝም። ሰው እውቀትን ገበያ እንደወጣች ሴት ቦርሳውን እየዳበሰ ይፈልገዋል ብሎ የሚያስብ ፈላስፋ መኖሩ ግን አስደነቀኝ። ፈላስፎች ቦርሳ ያላቸው አይመስለኝም ነበር።

በዚያው ሰሞን ማሰሮው ተሰበረ። አዲሱ ዙር ገና መጀመሩ ነበር፤ የመጀመሪያውን ሳምንት የወሰደችው ባሏ የሞተባት ጎረቤታችን ናት። ከሺንሺቾ በኩል፣ ከከምባታ ያገባች ሴት ናት፤ ሀዲይኛዋ ውስጥ የአገሯ ቃና አለ፣ ሴቶቹ አንዳንዴ ይቀልዱባታል። አንድ ላምና ሦስት ልጆች አሏት። ችግረኛ ስለሆነች እናቴ የመጀመሪያውን ተራ ለእሷ ሰጠቻት። አምስቱም ሴቶች ሳምንቱን ሙሉ አመጡላት፣ አምስት ስንጣሪ ተጫረ። ሳምንቱ አልቆ ማሰሮው ወደ እኛ ቤት ሲመጣ፣ ጥጃችን በኋላ እግሩ መትቶ ለሁለት ከፈለው።

«እኔ አመጣለሁ» አልኩ። ማን ሊቀድመኝ። የገበያ ቀን ሆሳዕና ላይ፣ ከቦኖሻ በኩል ሸክላ ይዘው የመጡ ሴቶች ጋ ሄጄ ማስመሪያዬን አወጣሁ። የተሰበረውን ማሰሮ ቁመት ቤት ለክቼ በእጄ መዳፍ ላይ ጽፌዋለሁ። ማሰሮዎቹን አንድ በአንድ ስለካ ሸክላ ሻጮቹ እርስ በርስ እየተያዩ ይስቃሉ። እኔም እየሳቅሁ፣ ልክ አንድ የሆነውን፣ የአንዲት መስመር ልዩነት የሌለውን አግኝቼ በጀርባዬ ተሸክሜ መጣሁ። እናቴ ማሰሮውን ተቀብላ ትንሽ አየችው። «ያው ነው?» አለችኝ። «ያው ነው፣ ለክቼዋለሁ» አልኳት። ሴቶቹም መጥተው አዩት፣ አስተማሪዋ ለክታዋለች ተባለ፣ አለቀ።

የእናቴ ሳምንት ያለ ምንም ኮሽታ አለፈ። ሌሎቹም አመጡ፣ የከምባታዋም ጎረቤታችን አመጣች፤ ስንጣሪዋ ቆማ ወተቱ ጭረቱን ይነካ ነበር። ሦስተኛው ሳምንት የታችኛዋ ጎረቤታችን ነበር። ይቺ ሴት ልቧ ክፉ አይደለም፣ ምላሷ ግን አያርፍም። ሳምንቱ በተጀመረ በሁለተኛው ቀን እኛ ቤት መጥታ «ያቺ ሴት ወተቷ ጭረቱ አይደርስም» አለች። በሦስተኛው ቀንም አልደረሰም። በአራተኛው ቀን ሁለት ጣት ያህል ጎደለ። በአምስተኛው ቀን ወሬው ተሠርቶ አለቀ፤ ከተማ አዲስ የተከፈተው ሻይ ቤት ወተት ይገዛል፣ እሷም በድብቅ እየላከች ትሸጣለች ተባለ።

ለዊጆ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ተቀብላ ያልመለሰች ሴት ትወጣለች። ከወጣች ደግሞ ሌላ ዊጆ የሚወስዳት የለም። የከምባታዋ ጎረቤታችን ከወጣች፣ በአንድ ላም ወተት ቅቤ አይወጣም፣ ቅቤ ከሌለ ገበያ የምትይዘው ነገር የለም፣ መጨረሻው ላሟን መሸጥ ነው። ልጆቿ ደግሞ ተማሪ ናቸው። እናቴ ይህን ሁሉ ስለምታውቅ ምግብ አልበላ አላት። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ ሴቶቹ ተቀምጠው እንዲወስኑ ተቀጠረ። የእናቴ ድምፅ የመጨረሻው ነው።

እኔ ደግሞ፣ አሁን ስናገረው ያሳፍረኛል፣ ደስ አለኝ። በሴትዮዋ ችግር አይደለም። ያን ወረቀት የምሞክርበት ነገር ስላገኘሁ ነው። በዕረፍት ሰዓት ለአገልግሎት ከመጣው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ጋር መምህራን ክፍል ተቀምጠን፣ ግምቶችን በደብተር ላይ ጻፍኩ። አንደኛ፣ ሴትዮዋ ወተት ትሸጣለች። ሁለተኛ፣ ላሟ ወተት ቀንሳለች። ሦስተኛ፣ ስንጣሪዋን የነካካ ሰው አለ። ከየአንዳንዱ ፊት ለፊት ለመፈተን ምን እንደሚያስፈልግ ጻፍን።

«ማሰሮውስ?» አለኝ።

«ማሰሮው ምን?»

«አዲስ ነው አላልሽም?»

«እኔ ራሴ ለክቼዋለሁ» አልኩት፤ ድምፄ ከሚገባው በላይ ጠንከር ብሎ ወጣ።

«ይሁን። ብቻ ወጪው እኮ አንድ እንስራ ውኃ ነው» አለና ከሁሉም በታች በራሱ እጅ «ማሰሮው» ብሎ ጻፈው። ተናድጄ ደብተሩን ዘጋሁት። ስለ ወረቀቱ ከእኔ የተሻለ ገብቶት ነበር፤ ያናደደኝም እሱ ነው።

ሦስተኛውን ግምት ማምሻውን ጣልኩት፤ ስንጣሪዎቹ ለልኬት ካልሆነ ከእናቴ እጅ አይወጡም፣ ጭረቱም የእናቴ ቢላ ጭረት ነው። ቀሩኝ ሁለት። ሁለቱን በአንድ ጊዜ ለመፈተን ስትታለብ ማየት አለብኝ አልኩ። በማግስቱ በጠዋት፣ ወደ ሥራ ከመሄዴ በፊት፣ ማስመሪያዬን በብብቴ ይዤ የከምባታዋ ጎረቤታችን ቤት ሄድኩ። ከብቶቹ በሚያድሩበት በኩል ባለው በር ላይ ቆምኩ። ሰላምታ ሰጠኋት። ላሟን እያለበች ነበር፤ ቀና ብላ ፈገግ አለች፣ ከዚያ ፈገግታዋ ቀስ እያለ ጠፋ፣ ማለቧን ቀጠለች። እኔ ግን ዓይኔ የምታልብበት ቅል ላይ ነበር። ወተቱ ደህና ነው፣ ላሟም አልነጠፈችም። አልባ ስትጨርስ ከቅሉ አንድ ኩባያ ቀዳች፣ ጥግ ላይ ጋቢ ውስጥ ለተኛው ትንሹ ልጇ ሰጠችው። ቀሪውን ለዊጆው አስቀመጠች። አንድ ኩባያ፣ አልኩ በልቤ። ያጎደለው ይህ ነው።

ከቤቷ ስወጣ ውኃ ሊቀዱ የሚወርዱ ሴቶች አዩኝ። አስተማሪዋ፣ በጠዋት፣ ማስመሪያ ይዛ፣ ከዚያች ሴት ቤት ወጣች። ከሰዓት በኋላ ስመለስ የታችኛዋ ጎረቤታችን እኛ ቤት ተቀምጣ ደረስኩ። «ልጅሽ እጅ ከፍንጅ ያዘቻት አሉ» ትላለች ለእናቴ። እኔ ማንንም አልያዝኩም፤ አፌን ከፍቼም ለማንም አልተናገርኩም። የተናገረው በዚያ በር ላይ መቆሜ ነው። ምልክት ሆኜ ነበር፤ የሚያየኝ ሁሉ እያነበበኝ ሄዷል፤ እኔ ግን አንባቢዋ እኔ ብቻ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። ወረቀቱ ፍተሻ ወጪ አለው ሲል፣ ወጪውን የሚከፍለው ፈታሹ ብቻ እንዳልሆነ ወይ አልጻፈም ወይ እኔ አላየሁትም።

«አንድ ኩባያ ለልጇ ታስቀራለች» አልኩ፤ ቢያንስ ሻይ ቤት እንደማትሸጥ ለማስረዳት ፈልጌ።

«ይኸው» አለች የታችኛዋ ጎረቤታችን።

እናቴ «ልጁ ሰሞኑን ታሟል» አለች፣ ለማንም ሳይሆን።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የተማሪዎቼን የቤት ሥራ ማረም ነበረብኝ። ጥላ ሥር ተቀምጬ ቀይ እስክሪብቶዬን ይዤ ጀመርኩ። የሰጠኋቸው ጥያቄ፣ ሁለት ቆርቆሮዎች ቁመታቸው እኩል ነው፣ የአንዱ አፍ ሰፋ ይላል፣ የትኛው ብዙ ይይዛል የሚል ነው። ሥዕሉንም ራሴ ሰሌዳ ላይ ሥዬላቸዋለሁ። የመጀመሪያው ደብተር «ቁመታቸው እኩል ስለሆነ እኩል ይይዛሉ» ይላል። ኤክስ አደረግሁበት። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም ያው። ምን ዓይነት ልጆች ናቸው እያልኩ፣ ሥዕሉን እንኳ አያዩም እንዴ እያልኩ አምስት ደብተር ላይ ኤክስ አድርጌ ስድስተኛው ላይ እጄ ቆመ። ሥዕሉን የሣልኩት እኔ ነኝ፤ ሥዬው አላየሁትም ነበር።

የድሮው ማሰሮ የታችኛው ግማሽ ከቤቱ ጀርባ ለዶሮዎች ውኃ መጠጫ ሆኖ ነበር። ዶሮዎቹን አባርሬ አጠብኩት፣ አዲሱን ማሰሮ ከታችኛዋ ጎረቤታችን ቤት ተውሼ አመጣሁና አጠገቡ አስቀመጥኩ። ለሁለቱም ከታች አንስቼ አንድ ዓይነት ከፍታ ላይ በከሰል ምልክት አደረግሁ። በጣሳ ውኃ እየቀዳሁ ጨመርኩ። አሮጌው በአራት ጣሳ ምልክቱን ነካ። አዲሱ በአራት አልነካም። በአምስትም አልነካም። ስድስተኛውን ጣሳ ሳፈስ፣ ጥቂት ጠብታ እጄ ላይ ሲቀር፣ ምልክቱ ላይ ደረሰ። አዲሱ ማሰሮ ቁመቱ ያው፣ ሆዱ ግን ሰፊ ነው።

እዚያው ውኃው አጠገብ ተቀምጬ አሰብኩት። ከማሰሮው መሰበር በኋላ የጀመሩት ስንጣሪዎች ሁሉ በአዲሱ ተጭረው በአዲሱ ይመለሳሉ፣ ምንም አይዛነፉም። በአሮጌው የተጫሩት አምስቱ ብቻ ናቸው፤ አምስቱም የአንዲት ሴት ናቸው። አራት ጣሳ የተቀበለች ሴት ስድስት ሊሞላ ጥቂት የቀረው እየመለሰች ነበር። በእናቴ ሳምንት ሰባቱን ቀን ጭረቱን ነክታለች። ከየት አመጥታ? ከልጆቿ አፍ ነዋ። ትንሹ ሲታመም አንድ ኩባያ ማስቀረት ግድ ሆነባት፣ ያን ጊዜ ሌባ ሆነች። ውኃው መሐል ተቀምጬ አለቀስኩ፤ ዶሮዎቹ ተመልሰው መጥተው ከጣሳዬ ሲጠጡ አላባረርኳቸውም።

እናቴ ስትመጣ አሳየኋት። ደግሜ አፈሰስኩላት፣ አራትና ስድስት። እጇን አዲሱ ማሰሮ ውስጥ ከታ ሆዱን በመዳፏ ዞረችው።

«ሆዳም መሆኑን አይቼ ነበር» አለች ቀስ ብላ።

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«አንቺ ለክተሽዋላ።»

ያን ጊዜ ነው ማስመሪያዬ ምን እንደነበረች የገባኝ። ለእኔ ቁመት መለኪያ ናት። ለእናቴ ግን፣ ለሴቶቹ ሁሉ፣ ሌላ ነገር ትላለች፦ የተማረ ሰው አይቶታል፣ እናንተ አትዩት። እናቴ አርባ ዓመት ማሰሮ የያዘ እጇን ትታ የእኔን እንጨት አመነች።

ማታውን እናቴ ለብቻዋ ለሴቶቹ ልትነግር ትችል ነበር። አልፈለግሁም። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ ሴቶቹ ከግቢው ዛፍ ሥር ሲቀመጡ፣ አሮጌውን ግማሽ ማሰሮና አዲሱን ተሸክሜ መጣሁ። የከምባታዋ ጎረቤታችን ከሁሉ ራቅ ብላ፣ ነጠላዋን አፏ ድረስ አጣፍታ ተቀምጣለች። እናቴ «ልጄ የምትለው አላት» አለች። ተናገርኩ። ውኃውን አፍስሼ አሳየሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው አልኩ፣ ቁመቱን ለክቼ ሆዱን አልለካሁም አልኩ፣ በዚያ ጠዋትም ቤቷ የሄድኩት ልሰልላት ነበር አልኩ።

የታችኛዋ ጎረቤታችን፣ ያቺ ምላሷ የማያርፍ፣ «የልጆቿን ወተት ነዋ የጠጣነው» አለች፤ ከዚያ ተነስታ አጠገቧ ሄዳ ተቀመጠች። ሴቶቹ ብዙ አልተከራከሩም። አምስቱ ስንጣሪዎች በውኃ እየተለኩ አዲስ ጭረት ተደረገላቸው፣ ከአሮጌው ጭረት ዝቅ ብሎ። እናቴና የታችኛዋ ጎረቤታችን በትርፍ የተቀበሉትን ወተት ከነገ ጀምሮ ለልጆቿ ሊልኩ ቃል ገቡ። የከምባታዋ ጎረቤታችን ዊጆው ውስጥ ቀረች። ላሟም አልተሸጠችም፤ ልጆቿም ከትምህርት ቤት አልወጡም፤ አንደኛዋን ከሁለት ዓመት በኋላ እኔው ራሴ አስተምሬያታለሁ።

ከስብሰባው ስንመለስ ከከምባታዋ ጎረቤታችን ጋር አብሬ ሄድኩ። ማሰሮውን እኔ ነኝ የያዝኩት፤ የቀጣይዋ ባለተራ ቤት ከእሷ ቤት አጠገብ ስለሆነ እሷ ታደርስላታለች። እኔ ሰላም የሚነሳኝ አንድ ጥያቄ ነበረኝ፤ ሳልጠይቃት ቤቴ መግባት አልቻልኩም።

«አክስቴ» አልኳት፣ ከልጅነቴ ጀምሮ እንዲያ ነው የምጠራት፣ «ማሰሮው መስፋቱን አላወቅሽም ነበር?»

«ወተቱን የምገለብጠው እኔ አይደለሁም?» አለችኝ። «በመጀመሪያው ቀን ነው ያወቅሁት።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?»

«ለማን? ለእናትሽ ብናገር ልጅሽ ያመጣችው ማሰሮ ይበድላል ማለቴ ነው። የመጀመሪያውን ተራ የሰጠችኝ እሷ ናት። ለሌሎቹ ብናገር፣ መስጠት ስላቃታት ሰበብ አመጣች ይሉኛል። አስተማሪዋ ለክታዋለች፣ እኔ በምን ልከራከር?»

ትንሽ ከሄድን በኋላ ደግሞ ወደ እኔ ሳትዞር ተናገረች።

«ያን ቀን ጠዋት በሩ ላይ ቆመሽ ሳይሽ ደስ ብሎኝ ነበር። አወቀች፣ ልትጠይቀኝ መጣች አልኩ በልቤ። ምን ብዬ እንደምነግርሽ ሁሉ አሰብኩ። አንቺ ግን ቅሉን አይተሽ ሄድሽ።»

ይቅርታ አድርጊልኝ አልኳት። አድርጌልሻለሁ አለችኝ፤ ከልቧም ይመስለኛል፣ ቂም የምትይዝ ሴት አልነበረችም። ማሰሮውን ከእጄ ተቀብላ ወደ ቤቷ ታጠፈች። እኔ መንገዱ ላይ ቆሜ ቀረሁ። በደብተሬ ላይ አራት ግምት ጽፌ፣ ለየአንዳንዱ ወጪውን አስቤ፣ የትኛው ይቀልላል ብዬ ቀን ሙሉ ተጨንቄያለሁ። ሴትዮዋን መጠየቅ ከየትኛውም በታች አልተጻፈም ነበር። ወጪው አንድ ጥያቄ ነበር፤ እሷም መልሱን ይዛ፣ ላሟ ሥር ቁጢጥ ብላ፣ እየጠበቀችኝ ነበር።